ኢላማና የመሳት ዋጋ፤ ከይፋግ ገበያ ሲታይ

የጦር ታሪክ ስናነብ ብዙውን ጊዜ የሚነገረን ማን ማንን እንዳሸነፈ ነው። ሠራዊቱ ስንት እንደ ነበረ፣ ጋሻው ከምን ቆዳ እንደ ተሠራ፣ ጠመንጃው በየትኛው ወደብ እንደ ገባም ይጻፋል። አንድ ተራ ጥያቄ ግን ሲጠየቅ እምብዛም አንሰማም። ያ ወታደር ወደ ጦርነቱ ከመሄዱ በፊት ማነጣጠርን የት ተማረ? ምን ላይ ወረወረ? ምን ላይ ተኮሰ? ሲስትስ ምን ከሰረ?

በዚህች አጭር ጽሑፍ የምናነሣው ይኸንኑ ነው። ጥያቄው የልጅ ጥያቄ ይመስላል። ነገር ግን እጅ ሳይስት ዐይን አይቀናም። መቶ ጊዜ ለመሳት አቅም ያለው ሰው ውሎ አድሮ መምታቱ አይቀርም፤ አንዴ ብቻ መሳት የሚችል ሰው ግን እድሜ ልኩን ጀማሪ ነው። ስለዚህ የኢላማ ታሪክ ከሀብት ታሪክ ተለይቶ ሊጻፍ አይችልም እንላለን። ይህን ለማስረዳት መነሻ የምናደርገው ይፋግን ነው፤ ለምን ይፋግ እንደ ሆነ ወደ ኋላ እናየዋለን። (ዓመቶቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው፤ የፈረንጅ ሲሆን እ.ኤ.አ. እንላለን።)

በመጀመሪያ ከሩቅ አገር እንነሣ። እንግሊዞች በረጅም ቀስታቸው በታወቁበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1363፣ ንጉሣቸው ሣልሳዊ ኤድዋርድ ጤነኛ የሆነ ወንድ ሁሉ በበዓል ቀን ኳስና ሌላ ጨዋታ ትቶ ቀስት እንዲለማመድ አዋጅ አስነገረ። ታዲያ የአገሩ ገበሬ ሁሉ ምን ላይ ይወርውር? በየመንደሩ ዳር አፈር ተቆለለ፤ በአፈሩ ላይ ሣር ተደለደለ፤ መሐሉ ላይ ምልክት ተደረገ፤ አለቀ። አፈር ዋጋ የለውም። ፍላጻውም አፈሩ ውስጥ ተሰክቶ ይቀራል እንጂ አይጠፋም፤ ባለቤቱ ሄዶ ይነቅለውና መልሶ ይወረውረዋል። ጃፓኖች ደግሞ እስከ ዛሬ ድረስ ማኪዋራ የሚሉት ነገር አላቸው፤ ጭድ በገመድ ጥብቅ ተደርጎ ታስሮ እንደ በርሜል ተጠቅልሎ ደረት በሚያህል ከፍታ ላይ ይቀመጣል። ጀማሪው ከኢላማው ሩቅ አይቆምም፤ የቀስቱን ቁመት ያህል ብቻ ራቅ ብሎ ይቆማል። መሳት አይችልም፤ የሚማረው የእጁን አያያዝና የትከሻውን አዘረጋግ ነው። እንግዲህ በሁለቱም አገር ትልቁን ጥበብ የተሸከመው ከሁሉ የረከሰው ነገር ነው፤ አንዱ ዘንድ አፈር፣ ሌላው ዘንድ ጭድ።

ወደ እኛ እንመለስ። ቀስት ለቋንቋችን ባዕድ አይደለም። ግዕዙ ቀስት ይላል፣ ፍላጻ ይላል፤ ከዝናብ በኋላ ሰማይ ላይ የሚዘረጋውን ኅብርም ቀስተ ደመና ብለነዋል። የዐምደ ጽዮንን የ1324 ዓ.ም. ዘመቻ የሚተርከው ዜና መዋዕልም ቀስትን ያነሣል። በመተከል ያሉት ጉሙዞች ደግሞ ቀስትን እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ ለአደንም ለመከላከያም ይዘው ኖረዋል። በደጋው የአማራ አገር ግን የጦርነቱ ዋና መሣሪያ ጦርና ጋሻ ሆነ፤ ቀስቱም ከጦር ሜዳ ወጣ።

ወጥቶ የት ገባ? ቤት ገባ። ደጋን የሚባለውን የማያውቅ ጥጥ የሚፈተልበት ቤት የለም። ጥጡ በመዳመጫ ተዳምጦ ፍሬው ከወጣለት በኋላ በደጋን ይነደፋል፤ የደጋኑ ጅማት በጥጡ ላይ እየተወጠረ ሲለቀቅ ጥጡ ይፍታታል፣ ባዘቶ ይሆናል፣ ከዚያም በእንዝርት ይፈተላል። ደጋኑን ያየ ሰው ትንሽ ቀስት ማየቱን አይክድም። ቃሉም ይመሰክራል። እኛ ጥጥ ነደፈች፣ ንብ ነደፈው እንላለን፤ በግዕዝ ግን ነደፈ ማለት በፍላጻ መታም ማለት ነው። አባት ጦሩን ይዞ ወደ ዘመቻ ሲወጣ እናት በቤት ውስጥ የጥንቱን ቀስተኛ ግሥ እጇ ላይ ይዛ ትቀር ነበር ማለት ነው። ይህን የምናነሣው ለቃል ጨዋታ አይደለም። አንድ መሣሪያ በአገር የሚቀረው በየቀኑ የሚለማመደው እጅ ሲኖር ብቻ መሆኑን ስለሚያሳየን ነው።

አሁን ይፋግ እንግባ። ይፋግ ከጣና በስተምሥራቅ፣ ከፎገራ ሜዳ አፋፍ፣ ከአዲስ ዘመን ከተማ ብዙም የማይርቅ ቦታ ነው። ዛሬ ከወረታ ወደ ጎንደር በመኪና የሚያልፍ ሰው ስሙን ላይሰማው ይችላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ግን ከጎንደር ወደ ደቡብ በሚወርደው የሲራራ መንገድ ላይ ከታወቁት ገበያዎች አንዱ ነበር። ኬላ ነበረው፤ ነጋዴው ቀረጥ ሳይከፍል አያልፍም። አሞሌ ጨው፣ ጥጥና ሸማ፣ ቡና፣ ከብት ይገበያይበት ነበር፤ በዚያው መንገድ ባሪያም ይነዳ ነበር። ይፋግን የመረጥነው ለዚህ ነው። በገበያ ላይ ሁሉ ነገር ዋጋ አለው፤ እኛም የምንፈልገው የመሳትን ዋጋ ነውና፣ ከገበያ የተሻለ መነጽር የለም።

እስቲ በዚያ ገበያ ዙሪያ ያለው ሰው ማነጣጠርን በምን ይማር እንደ ነበር በየተራው እንይ።

ከሁሉ የረከሰው ወንጭፍ ነው። ከብት ጠባቂው ልጅ፣ ማማ ላይ ተቀምጦ ከአዝመራው ወፍ የሚያባርረውም ልጅ ወንጭፍ አለው። ወንጭፉን ራሱ ይገምደዋል። የሚወነጭፈው ጠጠር ነው፤ የፎገራ መሬት ጥቁር አፈር ነውና ጠጠር ሲጠፋ ጓል ይሆናል። ጓል ገንዘብ አያስወጣም። ኢላማውም ራሱ እየበረረ ይመጣል፤ ከማለዳ እስከ ማታ ቢስት የሚጠይቀው የለም፣ ወፏ ከተነሣች ሥራው ተሠርቷል። ስለዚህ በወንጭፍ የሚያነጣጥር የድሀ ልጅ በየትም አገር ሞልቷል። የወፍ ጥበቃ ትምህርት ቤት ነው ብንል ያጋነንን አይመስለንም።

ሁለተኛው ጦር ነው። ጦር ብረቱ ገንዘብ ያስወጣል፤ ግን ተወርውሮ ይገኛል። ልጆች ደግሞ ብረቱ እስኪደርሳቸው በአገዳና በሸንበቆ ይወራወራሉ። እዚህም ላይ የሳተ ሰው የሚከስረው ሄዶ የማንሣት ድካም ነው።

ሦስተኛው ጉግስ ነው። በጥምቀትና በሌላም በዓል ባለ ፈረሶች በሁለት ወገን ተከፍለው ይሮጣሉ፤ አንዱ ይሸሻል፣ ሌላው ያሳድዳል፤ ቀላል ዘንግ ይወረውራል፣ የሚሸሸው በጋሻው ይመክታል። ዘንጉ ርካሽ ነው፤ ፈረሱ ግን ርካሽ አይደለም። ስለዚህ የጉግስ ልምምድ የባለ ፈረሱ ነበር። ፈረስ የሌለው ሰው በሜዳው ዳር ቆሞ ያጨበጭባል፣ እልል ይላል። ታሪክ ጸሐፊው ጉግስን ሲያወድስ ዳር ቆሞ ያጨበጨበውንም ቢቈጥር መልካም ነበር።

አራተኛው ጠመንጃ ነው። እዚህ ላይ ነገሩ ተለወጠ።

ጠመንጃ በዚህ አካባቢ ትልቅ ሥራ የሠራው ገና በ1535 ዓ.ም. ነው። ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም በዚያ ዓመት በየካቲት ወር ከጣና በስተምሥራቅ በወይና ደጋ በተደረገው ጦርነት ከአፄ ገላውዴዎስ ጋር በተሰለፉት ፖርቱጋሎች ጥይት ተመትተው ወደቁ። አንድ ጥይት የብዙ ዓመት ጦርነት ዘጋ። ከዚያ በኋላ ጠመንጃን የማይመኝ መኰንን አልነበረም። ይሁን እንጂ ከሰማንያ ዓመት በኋላ፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን አገራችን ውስጥ የኖረው ኢየሱሳዊው ማኑኤል ደ አልሜይዳ የጻፈውን ስንመለከት፣ በመንግሥቱ ከ1,500 የሚበልጥ ጠመንጃ ቢኖርም ወደ ዘመቻ የሚወጣው ከ400 ወይም ከ500 አይበልጥም ነበር። ያዡም ብዙ ችሎታ አልነበረውም። ምክንያቱንም ይነግረናል፤ ባሩዱና አረሩ ጥቂትና ውድ ስለ ነበረ ነው። ልብ በሉ! የጐደለው ድፍረት አይደለም፤ ብልኃትም አይደለም። የሚስቱበት ባሩድ ነው የጐደለው።

ጓል መልሶ ይነሣል፣ ጦርም መልሶ ይነሣል፤ አረር ግን ከአፈሙዝ ከወጣ ወጣ ነው። በጠመንጃ መሳት ማለት ገንዘብ መበተን ሆነ። ስለዚህ ጠመንጃ የያዘው አሽከር የጌታውን ጥይት ቈጥሮ ተቀብሎ ቈጥሮ ይመልሳል፤ ለልምምድ የሚሆን አይተርፈውም። ለልምምድ የሚተኩሰው ጌታው ነው፤ ለዚያውም የወደደ ጊዜ።

በጎንደር ቤተ መንግሥት የሆነውን አንድ ታሪክ ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። እስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር በገባ ጊዜ ከራስ ሚካኤል ስሑል ዘመድ ከገብረ መስቀል ጋር በተኩስ ችሎታ ተጨቃጨቀ፤ በኔ ጠመንጃ የተተኰሰ የሻማ ቁራጭ ካንተ የብረት አረር ይበልጣል የሚል ነገር ተናገረ። ጠቡ ከበረደ በኋላ ንጉሡ ዳግማዊ ተክለ ሃይማኖት እስቲ አሳየን አሉት። ብሩስ እንደ ጻፈው፣ የሞራ ሻማ በጠመንጃ አጉርሶ ሦስት ጋሻ በአንድ ጊዜ በሳ፤ ቀጥሎም በግማሽ ሻማ የእንጨት ገበታ በሳ። ሰዉ ተደነቀ። ነገሩ አስማት የለበትም፤ ሻማው በጣም ስለሚፈጥን ለመልፈስፈስ ጊዜ አያገኝም። እኛን የሚያስገርመን ግን ሌላው ነው። በዚያ ቀን ኢላማ የሆነው ሦስት ጋሻ ነው። ከጐሽ ቆዳ የተሠራ ደህና ጋሻ ለአንድ ተራ ወታደር ሀብቱ ነበር። በቤተ መንግሥት ግን ለአንድ ከሰዓት መዝናኛ ይበሳል። እንግሊዛዊው ገበሬ አፈር ሲወጋ ጎንደር ላይ ጋሻ ይወጋ ነበር። የትኛው አገር ብዙ አነጣጣሪ እንደሚያወጣ አንባቢ ይፍረድ።

ይኸው ችግር በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ገዝፎ መጣ። ከወረታ ወደ ምሥራቅ ሽቅብ ሲወጣ ደብረ ታቦር አለች፤ አጠገቧ ጋፋት። ቴዎድሮስ የአውሮፓ ሚስዮናውያን የእጅ ባለሙያዎችን በጋፋት ሰብስበው መድፍ አስቀለጡ፤ ሰባት ቶን የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን እስከ መቅደላ አስጐተቱ። ብረቱን ማቅለጥ ተቻለ፤ ተራራውንም መንገድ አበጅቶ መውጣት ተቻለ። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በዕለተ ስቅለት በአሮጌ ሜዳ ላይ ግን ከፋላ አምባ የተተኰሱት መድፎች በእንግሊዝ ጦር ላይ ብዙ ጉዳት ሳያደርሱ ቀሩ፤ አንደኛው ትልቅ መድፍ እንዲያውም ገና ሲተኰስ ፈነዳ። ከታች የመጣው ወታደር ደግሞ ስናይደር የሚባለውን ከኋላ የሚጐርስ ጠመንጃ ይዞ፣ በመንግሥት ወጪ በኢላማ ሜዳ ሲተኩስ የኖረ ነው። የቴዎድሮስ ወታደሮች በጀግንነት ወርደው አለቁ። ሕልሙ ታላቅ ነበር፤ አለመ የሚለው ቃላችን ሕልም ማየትንም ማነጣጠርንም ይይዛል። መድፍ ማሠራት የአንድ ንጉሥ ሕልም ሊሆን ይችላል፤ መድፍ መተኰስ ግን መቶ ጊዜ ተተኩሶ መቶ ጊዜ የሚታረም የብዙ ሰው ሥራ ነው።

በዚህ ጊዜ የሚቃወመን አይጠፋም። «ደገኛው ቀስትን የተወው በርቀት መግደልን ስለ ናቀ ነው፤ ጀግና ፊት ለፊት በጦርና በጐራዴ ይገናኛል» የሚሉ አሉ። እውነት የለበትም አንልም። ፉከራውም ሽለላውም ፊት ለፊት የገጠመውን ያወድሳል፤ በፈረስ ለሚዋጋ ሰውም ጦርና ጋሻ ይመቻል። ነገር ግን ርቀት ነውር ቢሆን ኖሮ ጠመንጃ እንዴት ያን ያህል ተከበረ? ፉከራውስ ውስጥ አልሞ ተኳሹ ለምን ይሞገሳል? ነውሩ ርቀቱ ላይ አልነበረም። ማንም ድሀ ሊያገኘው የሚችለው መሣሪያ ክብር አጣ፤ ጌታ ብቻ የሚያገኘው ከበረ። ይኼ ደግሞ በእኛ አገር ብቻ የሆነ ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል፤ «ዐድዋስ?» የሚለው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተሰለፈው የኢትዮጵያ ሠራዊት በብዙ አሥር ሺህ የሚቈጠር ጠመንጃ ይዞ ነበር፤ በደንብም ተኩሷል። እኛ እንደሚመስለን ይህ ነገራችንን ያጠናክረዋል። ከቴዎድሮስ ሞት እስከ ዐድዋ ሃያ ስምንት ዓመት ነው። በነዚህ ዓመታት ነጋዴውም መንግሥታቱም ጠመንጃና ጥይት በብዛት አስገቡ፤ መሣሪያው ከመኳንንቱ እልፍኝ ወጥቶ ወደ ብዙ እጅ ደረሰ። መሣሪያው ሲበዛ ችሎታው በአንድ ትውልድ ውስጥ መጣ። የወንጭፉ ልጅ ዐይን ድሮም ነበር፤ የቀረው መሣሪያው ነበር።

ያም ሆኖ ጥይት ርካሽ ሆነ ማለት አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ በብዙ የአገራችን ገበያዎች ጥይት ራሱ ገንዘብ ሆኖ ነበር፤ ከማርያ ቴሬዛ ብርና ከአሞሌ ጐን ለዝርዝር ያገለግል ነበር። እስቲ አስቡት! ገበሬው ጥይት ሰጥቶ ጨው ይገዛል። ታዲያ ይህ ሰው ለልምምድ ብሎ ዛፍ ላይ ቢተኩስ የሳምንት ጨዉን ወደ ዛፍ ወረወረ ማለት አይደለም? ገንዘብ የሚተኩስ ሰው ደግሞ ሳይቸግረው አይተኩስም። ስለዚህ አንድ ጥይት ለአንድ ጠላት የሚለው ቍጠባ ከጀግንነት ብቻ የመጣ ሳይሆን ከኪስም የመጣ ነው ብንል ጀግናውን አናሳንሰውም፤ እንዲያውም በስንት ችግር እንደ ተማረ ስለምናውቅ ይበልጥ እናከብረዋለን።

ወደ ዛሬው ፎገራ እንመለስና ነገሩን ወደ መሬት እናውርደው። ሜዳው ዛሬ የሩዝ አገር ሆኗል። ሩዝ በ1970ዎቹ በሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች እገዛ በጅግናና በሻጋ የገበሬዎች ማኅበራት ተጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ ሜዳውን ሸፈነው፤ ኤክስ ጅግና የሚባለው ዝርያም በየገበያው ታወቀ። ሩዝ ባለበት ጭድ አለ። ጃፓኖች ማኪዋራቸውን የሚያስሩት ከጭድ እንደ ሆነ ከላይ ብለናል። እንግዲህ የቀስት ስፖርት መማር የሚፈልግ የወረታ ወይም የአዲስ ዘመን ተማሪ ከውጭ አገር ኢላማ እስኪመጣለት የሚጠብቅበት ምክንያት የለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጭድ የከብት መኖ ነውና ደህናውን ለላሟ ትቶ ዝናብ የመታውን፣ ከክምሩ ሥር የሻገተውን ይወስዷል። እርሱን በፀሐይ አድርቆ በባዶ የማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ በእግር እየረገጡ መጠቅጠቅ ነው። ጭዱ ካነሰ ያለቀ ጨርቅና ፌስታል ይጨመርበታል። ላላ ያለ ጆንያ ፍላጻውን አሳልፎ ይሰጣል፤ ጥብቅ ያለው ይይዘዋል፤ ስለዚህ አፉ ከተሰፋ በኋላ በገመድ ዙሪያውን ጠፍሮ ማጥበቅ ያስፈልጋል። ከፊቱ ወረቀት ይለጠፋል፤ በኦሊምፒክ ውድድር ከ70 ሜትር የሚወረወርበት ክብ ስፋቱ 122 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ለጀማሪ ግን አምስት ሜትርና የእንጀራ ሰፌድ የሚያህል ክብ ይበቃዋል። ጆንያው ከኋላው የአፈር ቁልል ወይም ገደል አፋፍ ሊኖረው ይገባል፤ ከኋላው ሰውና ከብት የሚያልፍበት መንገድ ፈጽሞ መኖር የለበትም። ለመንቀልም ሁሉም ወርውሮ ሲጨርስ አብሮ ነው የሚኬደው። የጆንያው ፊት ሲበሳሳ ጆንያውን ገልብጦ በሌላው ፊት መጠቀም ነው፤ ሲያልቅ ሌላ ጆንያ ደርቦ ማልበስ ነው።

ይህን ስንጽፍ ወንድምና እኅቶቻችን ለጦርነት ይሰልጥኑ ማለታችን አይደለም። ይህ አገር የተኰሰው ይበቃዋል። እኛ የምንለው ስለ ማንኛውም ትምህርት ነው። ይህችን መጽሔት የምታነቡ ተማሪዎች ታውቁታላችሁ፤ በአንድ ማይክሮስኮፕ ዙሪያ አርባ ሰው ሲቆም የሚነካው አንድ ሰው ነው፤ ሠላሳ ዘጠኙ ዳር ቆሞ ያያል። አይሰበርብን ተብሎ ቁም ሣጥን ውስጥ የተቈለፈ መሣሪያ ለአልሜይዳ ዘመን ጠመንጃ ወንድሙ ነው፤ ተቈጥሮ ገብቶ ተቈጥሮ ይወጣል፣ ማንም አይማርበትም። ተማሪው ፈተና ላይ ሲስት ሰነፍ ይባላል። ከፈተናው በፊት ስንት ጊዜ እንዲስት ተፈቀደለት ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም።

የይፋግ ገበያ ይህን አስቀድሞ ነግሮናል። ጓልና አገዳ ለሁሉም ነበሩ፣ ስለዚህ ወንጭፍና ጦር የሁሉም ጥበብ ሆኑ። ፈረስና ባሩድ የጥቂቶች ነበሩ፣ ስለዚህ ጉግስና ተኩስ የጥቂቶች ጥበብ ሆኑ። ልዩነቱን ያመጣው የልጆቹ ዐይን አልነበረም። ዛሬም አንድ ትምህርት ለብዙ ሰው እንዲዳረስ የሚፈልግ መምህር ወይም ማኅበር መጀመሪያ ማድረግ ያለበት የማስተማሪያውን ዕቃ ማርከስ ነው፤ ውዱን ዕቃ ከቁም ሣጥን አውጥቶ አጠገቡ ርካሽ አምሳያውን ማቆም፣ ተማሪውም እስኪጠግብ እንዲስትበት መልቀቅ። ጭድ የተጠቀጠቀ ጆንያ ዋጋው ኢምንት ነው፤ የሚሸከመው የመሳት ብዛት ግን በቤተ መንግሥቱ ጋሻ አይገኝም።